የሒሳብ ደብተራችሁን ለየትኛው ሶፍትዌር ትሰጣላችሁ?

ሒሳብ የምታጠኑና ማስታወሻችሁን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ልታዛውሩ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ስለ ፕሮግራሙ መልክና ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ፕሮግራሙ ነገ ቢጠፋ የጻፍሁት ምን ይሆናል?

የአማርኛ ጸሐፊ ይህን ሥጋት ያውቀዋል። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በየራሳቸው ሥርዓት ይደለድሉት ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ሆኖ ይመጣል። በሒሳብ ጉዳቱ ይብሳል። የተበላሸ ቃል ከዐረፍተ ነገሩ ይገመታል፤ ከቀመር ውስጥ የወደቀች አንዲት የመቀነስ ምልክት ግን ማረጋገጫውን በሙሉ ይዛው ትወድቃለች።

ስለዚህ መሠረቱ ይህ ነው፦ ፋይሉ ማንኛውም ኮምፒዩተር የሚከፍተው ተራ ጽሑፍ ይሁን፤ በውስጡ ያለው ቀመርም በላቴክ አጻጻፍ ይጻፍ። ለምን ላቴክ? የኮምፒዩተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑት «ቴክ» የተባለውን የኅትመት ማቀናበሪያ ፕሮግራም መሥራት የጀመረው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም የጻፈው መጽሐፍ ሁለተኛ ቅጽ እንደገና ሊታተም ሲዘጋጅ የፊደሉ መልክ ስላስከፋው። ሌላው የኮምፒዩተር ሳይንቲስት ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ ላቴክን በቴክ ላይ ገነባ። ክኑት በ1990 በቴክ ላይ አዲስ ነገር እንደማይጨምር አሳወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ስሕተት ብቻ ያርማል፤ ባረመ ቁጥርም የእትሙ ቁጥር በአንድ አሃዝ ወደ ፓይ ይጠጋል። (ሒሳበኛ ሲቀልድ እንዲህ ነው።) ለእኛ የሚጠቅመን ይኸው አለመለዋወጡ ነው። ዛሬ ዊኪፔዲያም ጁፒተር የተባለው የኮድ ማስታወሻ ፕሮግራምም ቀመርን የሚቀበሉት በዚሁ አጻጻፍ ነው።

በቅርብ እንየው። ክፍልፋይ ስትጽፉ ወደ ኋላ ያዘመመ ጭረት ታስቀድማላችሁ፤ «ፍራክ» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ታስከትላላችሁ፤ ከዚያ ላይኛውን በአንድ ጥምዝ ቅንፍ፣ ታችኛውን በሌላ ጥምዝ ቅንፍ ታስገባላችሁ። ሁሉም በሁለት የ$ ምልክቶች መካከል ይቀመጣል። በመጀመሪያው ሰሞን ያደክማል፤ ምልክቱን በማውስ መልቀም የሚሻል ይመስላል። ጣት ሲለምድ ግን መምህሩ ሰሌዳውን ሳያጠፋ ትደርሳላችሁ። ዘወትር ለምትጽፏቸው ምልክቶች፣ ለምሳሌ ለእውን ቁጥሮች ስብስብ፣ የራሳችሁን አጭር ትእዛዝ ማበጀት ይቻላል። ጥቂት ይሁኑ፣ በአንድ ፋይልም ይሰብሰቡ፤ ከበዙ ቀመራችሁን ከእናንተ በቀር የሚያነበው ይጠፋል። በቀመር መካከል የአማርኛ ቃል ካስፈለገ «ቴክስት» በሚለው ትእዛዝ ውስጥ አኑሩት። ወደ ፒዲኤፍ ስትቀይሩም ዩኒኮድ የሚያውቀውን የላቴክ ዓይነት፣ ዚላቴክን፣ ከአማርኛ ፎንት ጋር ተጠቀሙ።

ቀጥሎ የማስታወሻዎቹ ዝምድና ይመጣል። «ቲዎረም 3.2» ብላችሁ ከጠቀሳችሁ፣ ከበላዩ ሌላ ሲጨመር ቁጥሩ ይዛባል። በአልጀብራዊ ጂኦሜትሪ ላይ የሚያተኩረውና ከ7,000 ገጽ ያለፈው የስታክስ ፕሮጀክት የተባለው የኢንተርኔት መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ውጤት የማይለወጥ ባለ 4 ምልክት መለያ ሰጥቶ ከዚህ ጣጣ ተገላግሏል። እናንተም ለአንድ ብያኔ አንድ ፋይል ስጡ፤ በይዘቱ ሰይሙት፤ ከሌላው ፋይል በስሙ ጥሩት።

ከፕሮግራሞቹ መካከል ለብዙው ተማሪ ኦብሲዲያን የተባለው የማስታወሻ ፕሮግራም ይበቃዋል እላለሁ። ኮዱ ክፍት አይደለም፤ ፋይሎቹ ግን በራሳችሁ ኮምፒዩተር ላይ ማርክዳውን በተባለው የተራ ጽሑፍ አጻጻፍ ይቀመጣሉ፤ አንዱን ከሌላው ለማገናኘት ስሙን በድርብ ካሬ ቅንፍ ([[ ]]) ማስገባት ነው። ሌላው የማስታወሻ ፕሮግራም ኖሽንም የላቴክ ቀመር ይቀበላል፤ ማስታወሻው ግን የሚያድረው በኩባንያው ሰርቨር ነውና ከመረጣችሁት በየጊዜው ቅጂ አውጡ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው በቀጥታ ሙሉውን ላቴክ ይያዝ። ማሰቡን ግን ሁላችሁም በእርሳስና በወረቀት አድርጉት፤ ያልበሰለ ማረጋገጫ አምሮ ከተተየበ ያለቀ ይመስላል።

አሁን የምትጠቀሙበትን ፕሮግራም ዝጉትና አንዱን ማስታወሻችሁን በኖትፓድ ክፈቱት። ማረጋገጫውን መከተል ከቻላችሁ ባላችሁበት ቀጥሉ። ካልቻላችሁ ማስታወሻው ገና ጥቂት ሳለ፣ በዚህ ሳምንት አዛውሩት።