ስለ ዶሮ ጉበት ስብና ስለሚያመጣው ጉዳት

እንቁላል የምትጥል ዶሮ በድንገት ሞታ በተገኘች ጊዜ፣ ባለቤቷ ብዙውን ጊዜ ፈንግል ገባብኝ ብሎ ይደነግጣል፤ የቀሩትንም በርካሽ ይሸጣል። ነገር ግን ድንገተኛ ሞት ሁሉ ከተላላፊ በሽታ የሚመጣ አይደለም። ምግብ በዝቶላት ጉበቷ በስብ ተሞልቶ የምትሞት ዶሮም አለች። የግብርና ሹማምንት ይህን ለይተው ያውቁ ዘንድ ቀጥሎ ያለው ተጽፏል።

በላምና በአሳማ ሰውነት ስብ በብዛት የሚሠራው እዚያው በሚከማችበት በጮማው ውስጥ ነው፤ በዶሮ ግን ዋናው የስብ መሥሪያ ጉበት ነው። የአስኳሉም ስብ ከዚያ ተሠርቶ በደም ይሄዳል። በአንድ እንቁላል ውስጥ 5 ግራም ያህል ስብ ስለሚገኝ፣ የምትጥል ዶሮ ጉበት ሥራው ታላቅ ነው።

ከ100 ግራም ጤነኛ የዶሮ ጉበት 76 ግራም ያህሉ ውሃ፣ 17 ያህሉ ፕሮቲን፣ 5 ያህሉ ስብ ነው። ውሃው ቢወጣለት ስቡ ከመቶ 20 እጅ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በታመመው ጉበት ግን ስቡ ከደረቁ ክብደት ከመቶ 40 እጅ ያልፋል፤ 70 የሚደርስበትም ጊዜ አለ።

ስቡ ከተሠራባቸው አሲዶች ዋና ዋናዎቹ ፓልሚቲክ፣ ስቴያሪክ፣ ኦሌይክና ሊኖሌይክ ይባላሉ። የፊተኞቹ ሁለቱ የሚረጉ፣ የኋለኞቹ ፈሳሾች ናቸው። ሊኖሌይክን ዶሮ ራሷ መሥራት ስለማትችል ከምግቧ ታገኘዋለች፤ በኑግ ዘይት ውስጥ እጅግ ብዙ ነው። በቆሎ ከመጠን በላይ ስትበላ ግን ጉበቷ የእህሉን ዱቄት ወደ ፓልሚቲክና ወደ ኦሌይክ እየለወጠ ያከማቻል።

ይህ በሽታ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1956 በአሜሪካ አገር ተገልጦ ተጻፈ። ይበልጡን የሚጠቃው በጠባብ ቤት ተዘግቶ፣ እየወፈረ ብዙ እንቁላል የሚጥለው ነው፤ ሙቀትም ያብሰዋል። የሞተችው ዶሮ ጉልላቷ የገረጣ፣ ጉበቷ ያበጠ፣ ቢጫና በጣት ሲነኩት የሚፈረካከስ ይሆናል፤ በሆዷም ውስጥ የረጋ ደም ይገኛል። ፈንግል ግን በጥቂት ቀን ብዙዎችን ይጥላል፤ ትንፋሽ ያስቸግራል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣል፣ አንገት ያጣምማል። ብዙ ዶሮ በአንድነት ከሞተ ማንም ሳይከፍተው ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ግዴታ ነው።

ስለዚህ ሹማምንት ለባለ ዶሮዎች የሚከተለውን ያስረዱ፤ በቆሎውን ጥቂት በጥቂት ቀንሶ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ መተካት፣ ዶሮዎቹን በየጊዜው መመዘን፣ ቦታ ሲገኝም እየተራመዱ እንዲጭሩ ማድረግ ይገባል። ዶሮን ማጥገብ መልካም ነው፤ ማወፈር ግን እንቁላሏንም ዶሮዋንም ማጣት ነው።