እንግዳ ይዞ መጎብኘት



በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቈጣጠር ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30ም በኋላ ስለማይውል ዘወትር በጸደይ ይከበራል። በዚህ በዓል ከየአገሩ ዘመድ ይመጣል፤ ቤት ይሞላል፤ ወጣቱም «እንግዶቹን ከተማውን አሳያቸው» ተብሎ ይታዘዛል። ትእዛዙ ቀላል ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበርና የደረሰብኝን ለትምህርት ይሆን ዘንድ ላካፍላችሁ።

ባለፈው ፋሲካ አያቴና አጎቴ ከደብረ ብርሃን አካባቢ ወደ አዲስ አበባ መጡ። አያቴ ከተማውን አይተውት አያውቁም። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደባቸው ስለ ሆነ «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ አንድ ጊዜ ልየው» ብለው ነው የመጡት። አገሩ ሩቅ በመሆኑ ለበዓል ያልሄደ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬም ከእኛ ጋር ዋለ። እኔ ለሰኞ፣ ለማዕዶት ዕለት፣ አምስት ቦታ በወረቀት ጻፍሁ፦ እንጦጦ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ የአፍሪካ አዳራሽና መርካቶ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለማዳረስ ነበር አሳቤ።

በጠዋት እንጦጦ ወጣን። አያቴ 55 ቀን ጾመው የከረሙ ናቸውና ዳገቱ አደከማቸው። እኔ ግን ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባትን የእንጦጦ ማርያምን ተሳልመው ሳይጨርሱ «ገና አራት ቦታ ይቀረናል» እያልሁ አጣደፍኋቸው። ከተማው ቁልቁል ከሚታይበት ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «ልጄ፣ ለእኔ ጭጋግ ብቻ ነው። የሚታየውን ንገረኝ» አሉኝ።

«ከተማው ነዋ፣ ብዙ ቤት፣ ብዙ ፎቅ» አልኋቸው። ከዚያ በላይ የምናገረው አጣሁ። አጎቴም በዙሪያችን ያለውን ባሕር ዛፍ እያዩ «ይህ ዛፍ በእኛም አገር ሞልቷል፤ ለመሆኑ ከየት የመጣ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ልጅ ዝም አልሁ።

መልስ የሰጠው እንግዳው ጓደኛዬ ነው። የዛፉ የትውልድ አገር አውስትራልያ መሆኑን፣ ከባሕር ማዶ ስለ መጣም ባሕር ዛፍ መባሉን ነገራቸው። የንጉሡ ከተማ መጀመሪያ እዚሁ ተራራ ላይ እንደ ነበረ፣ በ1879 ዓ.ም. ግድም ከፍል ውሃው አጠገብ ሰፈር ተቈርቍሮ እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ እንዳሉት አስረዳ። በኋላም የአካባቢው ደን ተጨፍጭፎ ማገዶ በመጥፋቱ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ሕንፃ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ማገዶና የቤት ማገር ስለ ሆነ፣ ከተማው በቦታው እንዲጸና ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

አያቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «አሁን አየሁት» አሉ። ወደ እኔም ዞረው «እግሬን አድርሰኸዋል፤ ዓይኔን ግን ያደረሰልኝ ይህ ልጅ ነው» አሉኝ። አነጋገራቸው የቍጣ አልነበረም፤ እኔ ግን አፈርሁ። ወረቀቱን ኪሴ ከተትሁት።

ከዚያ ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ሄድን። ካቴድራሉ ከ1888ቱ የዐድዋ ድል በኋላ የተሠራ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው ሕንፃ ነው። አያቴን እጃቸውን ይዤ በግድግዳው ዙሪያ ቀስ ብለን ዞርን፤ እያንዳንዱን ማዕዘን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ስምንቱንም ቈጠሩ። በአደባባዩ ስላለው የዐፄ ምኒልክ ሐውልትም ነገርኋቸው፤ በወረራው ጊዜ ጣልያኖች አንሥተውት ከነጻነት በኋላ ወደ ስፍራው መመለሱን ጓደኛዬ ጨመረልኝ። ሦስቱን ቦታዎች ሳናይ ቀረን፤ አያቴ ግን እስከ ማታ ያዩትን ሲያወሩ አመሹ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ሰው የኖረበትን አገር ሁሉ ያውቃል ማለት አይደለም። በየቀኑ የምናልፍበትን ስለማንጠይቅ እንግዳው ይበልጠናል። ስለዚህ በዓሉ ሳይደርስ አስቀድመን እንጠይቅ፤ እናንብብ።

ሁለተኛ፣ የጕብኝቱ እርምጃ የሚለካው በደካማው እግር እንጂ በወጣቱ ጕልበት አይደለም። በጥድፊያ ከታዩ አምስት ቦታዎች በእርጋታ የታዩ ሁለቱ ይበልጣሉ።

ሦስተኛ፣ እንግዳው ምን ለማየት እንደ መጣ እንጠይቀው። እኔ ለአያቴ የመረጥሁላቸው የእኔን ምርጫ ነበር።

አያቴ ወደ አገራቸው ሲመለሱ «ለከርሞ እግዜር ካደረሰን የቀረውን ታሳየኛለህ» ብለውኛል። ያን ጊዜ ዓይናቸው ምን ያህል እንደሚያይላቸው እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ግን የምነግራቸውን ከአሁኑ መማር ጀምሬአለሁ። እናንተስ፣ በሚመጣው ፋሲካ እንግዳ ቢመጣባችሁ ስለ ሰፈራችሁ ምን ትነግሩታላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።