የሩቅ አገር ጦርነትና የእኛ ጓዳ

ጦርነት ሲባል በመጀመሪያ የምናስበው የሚተኰሰውን ጥይትና የሚወድቀውን ወታደር ነው። ነገር ግን ጦርነት ጥይቱ ከማይደርስበት አገር የሚደርስበት ሌላ መንገድ አለው፤ እርሱም የገበያ መንገድ ነው። እኛ አሶሳ ሆነን የዩክሬንን የመድፍ ድምፅ አልሰማንም። ይሁን እንጂ በ2014 ዓ.ም. የዘይት ዋጋ በናረ ጊዜ እናቶቻችን ሁሉ ሰምተውታል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የውጭ አገር ጦርነት በምን በኩል ወደ ጓዳችን እንደሚገባ፥ ከገባም በኋላ እኛው ራሳችን እንዴት እንደምናባብሰው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሩሲያ በሙሉ ኀይሏ በዩክሬን ላይ የዘመተችው የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሁለቱ አገሮች ለዓለም ገበያ ከሚቀርበው ስንዴ ከሩብ የማያንሰውን ያቀርቡ ነበር፤ ዩክሬንም የሱፍ ዘይት ወደ ውጭ በመሸጥ ከዓለም አንደኛ ነበረች። የዩክሬን የጥቁር ባሕር ወደቦች ሲዘጉ ስንዴውም ዘይቱም እዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ፥ «እኛ በብዛት የምንጠቀመው የፓልም ዘይት ነው፤ እርሱም የሚመጣው ከእስያ ነው፤ ታዲያ ከዩክሬን ጋር ምን አገናኘን?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም የሚከተለው ነው። የሱፍ ዘይት ያጣ ገዢ ሁሉ ፊቱን ወደ ፓልም ዘይት አዞረ። በፓልም ዘይት ምርት ከዓለም ቀዳሚ የሆነችው ኢንዶኔዥያም፥ ሕዝቤ እንዳይቸገር ብላ፥ ከሚያዝያ 20 እስከ ግንቦት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ድረስ ዘይቱ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ከለከለች። ሕንድም በዚያው ግንቦት በስንዴዋ ላይ እንዲሁ አደረገች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መንግሥታትም እንደ ቤት እመቤት ደንግጠው ጓዳቸውን ቈለፉ።

ከዚህ ሁሉ የተረፈው ዘይት ወደ እኛ ለመድረስ ከጅቡቲ ወደብ እስከ አዲስ አበባ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ፥ ከዚያም በወለጋ በኩል እስከ አሶሳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ይጓዛል። ጦርነቱ በዓለም የነዳጅን ዋጋ ስላናረ የማጓጓዣውም ወጪ በዘይቱ ላይ ተጨመረ። እርግጥ ነው፥ ጥፋቱ ሁሉ የሩቁ ጦርነት አይደለም፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረትና በገዛ አገራችን በሰሜን የነበረው ጦርነትም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው።

የቅርቡ ጦርነት ደግሞ ከሩቁ ይልቅ ይታየናል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኀይሉ መካከል ውጊያ ከተነሣ ወዲህ፥ ብዙ ስደተኞች በኩርሙክ በኩል ወደ ክልላችን ገብተዋል። ወሰን ላይ ያለ ገበያ ጦርነት ሲነሣ ሁለት ነገር ያገኘዋል፤ የሚገባው ሸቀጥ ይቀንሳል፥ የሚበላው ሰው ይበዛል። ሆኖም ስደተኛውን የውድነት ምክንያት ማድረግ ስሕተት ነው፤ እርሱ ራሱ ጐተራውን ትቶ የሸሸ ሰው ነውና።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። 1,000 ቤተ ሰብ ያለበትን አንድ ቀበሌ እናስብ። እያንዳንዱ ቤት በሳምንት 1 ሊትር ዘይት ይጨርሳል፤ ነጋዴዎቹም በሳምንት 1,000 ሊትር ያስመጣሉ። አንድ ሳምንት 900 ሊትር ብቻ ቢመጣ የጐደለው ከዐሥር አንድ እጅ ነው፤ ሁሉም ከወጡ ጥቂት ጠብታ ቢቀንስ ሳምንቱ ያልፋል። ነገር ግን «ዘይት ሊጠፋ ነው» የሚል ወሬ ተነሥቶ የቀደመው ሁሉ አምስት አምስት ሊትር ቢገዛ፥ 900 ሊትሩ ለ180 ቤት ብቻ ይበቃል፤ 820 ቤት ባዶ እጁን ይመለሳል። ወሬው እውነት ሆነ፤ እውነት ያደረጉት ግን ያመኑት ሰዎች ናቸው።

እኔም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለሁም። በዚያ ዓመት አባቴ ሦስት ጀሪካን ዘይት ገዝቶ ከአልጋ ሥር አስቀመጠ። አንድ ቀን ማታ፥ ጕልት ቲማቲም ሸጣ ልጆቿን የምታሳድር፥ ዘይትም የዕለት የዕለቱን በስኒ የምትገዛ ጎረቤታችን፥ እስከ ነገ አንድ ስኒ እንድናበድራት መጣች። ከሱቅ አጥታ ነበር። እኔም በር ላይ ቆሜ፥ እንደ ታዘዝሁት፥ «የለንም» አልኋት። «ግድ የለም ልጄ» ብላ ተመለሰች። ሦስተኛው ጀሪካን ሳይከፈት ክረምቱ አለፈ። ለማከማቸት ገንዘብ የሌለው ሰው የሌላውን ፍርሃት ዕዳ እንደሚከፍል የተማርሁት ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ ማከማቸት ሁሉ ክፉ ነውን? አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስም በቁርኣንም የተነገረው ዮሴፍ፥ ወይም ዩሱፍ፥ ግብጽን ከረኃብ ያዳነው በማከማቸት ነው፤ ያከማቸው ግን በጥጋቡ ዘመን ነበር፥ በረኃቡም ዘመን ጐተራውን ከፈተ። የአገራችን ገበሬም ማሽላውን በቀርከሃ ጐተራ የሚያኖረው አዝመራ ሲገባ ነው። በጥጋብ ጊዜ የሚገዛ ሰው ማንንም አይጐዳም፤ በእጥረት ጊዜ የሚሻማ ግን ከሌላው ድስት ላይ ይወስዳል። ልዩነቱ በጊዜው ላይ ነው።

ስለዚህ የተከበራችሁ ወላጆች፥ እህሉን በአዝመራ ጊዜ እንግዛ፤ በእጥረት ሳምንት ግን የሳምንቱን ብቻ እንውሰድ። እናንተም ጓደኞቼ፥ «ሊጠፋ ነው» የሚለውን ወሬ ሳታጣሩ ወደ ቤት አታድርሱ። ከሁሉም በላይ፥ ሰሊጥ፥ ኑግ፥ ለውዝና አኵሪ አተር የሚበቅልበት ክልላችን ዘይቱን ከባሕር ማዶ መጠበቁ ያሳስበን፤ ከመካከላችን ነገ የዘይት መጭመቂያ የሚተክል ይገኝ ይሆናል።

ጦርነትን ከአሶሳ ሆነን ልናቆም አንችልም። በራችን ላይ የምንሰጠውን መልስ ግን እኛው እንመርጣለን። አባቶቻችን፥ «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው።