ኮንትራ በቴሌቪዥንና በእጅ መዳፍ ላይ

ኮንትራ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

ኮንትራ የጃፓኑ ኮናሚ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ለአርኬድ (ሳንቲም እየተከተተበት ለሚሠራ የመጫወቻ ማሽን) ያወጣው የቪዲዮ ጌም ነው። ወታደሩ እየሮጠና እየተኮሰ ወደፊት ይገፋል፤ አንድ ጥይት ካገኘው ይሞታል። በ1988 ለኔንቲዶ ኮንሶል (ከቴሌቪዥን ጋር ለሚገናኝ የጌም መሣሪያ) ተዘጋጀ። በእጅ የሚያዘው ጌም ቦይ ደግሞ በ1991 «ኦፕሬሽን ሲ» የተባለ የራሱን ክፍል አገኘ።

ስክሪኑ ሲጠብ ምን ይለወጣል?

የኮንሶሉ ምስል በአግድም 256 ፒክሰል (ምስል የሚገነባባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ሲኖረው የጌም ቦይ 160 ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ የሚጎድለው ጊዜ ነው። ወታደሩ መሐል ላይ ቆሞ፣ ከስክሪኑ ጠርዝ የተነሣ ጥይት በእያንዳንዱ ምስል 2 ፒክሰል ይጓዛል ቢባል፣ በኮንሶሉ 128 ፒክሰል ለመጨረስ 64 ምስሎች ይፈጅበታል። ምስሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል ስለሚታደስ ይህ ከአንድ ሴኮንድ ጥቂት ያልፋል። በጌም ቦይ ግን ርቀቱ 80 ፒክሰል ስለሆነ ጥይቱ በሁለት ሦስተኛ ሴኮንድ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ጌም ቦይ ቀለም አልነበረውም፤ በአራት የድምቀት ደረጃዎች ብቻ ይሠራል። ስክሪኑም ቀርፋፋ ስለነበር የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ከኋላው ጥላ ይጎትታል፤ ትንሽ ጥይት እዚያ ውስጥ ትጠፋለች። በዚህ ሁኔታ የኮንሶሉን ጨዋታ እንዳለ ማጨቅ አያዋጣም። «ኦፕሬሽን ሲ» ለአንድ ተጫዋች፣ በ5 ደረጃዎች ብቻ መሠራቱ ብልህ ምርጫ ነበር።

ቁልፎች ሲያንሱስ?

በ1992 ለሱፐር ኔንቲዶ የወጣው «ኮንትራ 3» ለመተኮስ፣ ለመዝለል፣ መሣሪያ ለመቀየርና ቦምብ ለመጣል በቀኝ አውራ ጣት ሥር አራት ቁልፎች ነበሩት። ይኸው ጨዋታ በ2002 ወደ ጌም ቦይ አድቫንስ ሲዛወር በዚያ ቦታ የቀሩት ሁለት ናቸው።

ከላይ ወደ ታች የሚታዩት፣ መሬቱ የሚሽከረከርባቸው ሁለት ደረጃዎችም ወጥተው፣ «ሀርድ ኮር» ከተባለው ሌላ የኮንትራ ጨዋታ በተወሰዱ ደረጃዎች ተተኩ። ጌም ቦይ አድቫንስ ምስል ማሽከርከር ስለሚችል ለውጡን በአቅም ማነስ ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል።

ሁለት ስክሪን ችግሩን ይፈታል?

በ2007 ለኔንቲዶ ዲኤስ የወጣው «ኮንትራ 4» ሁለቱን ስክሪኖች እንደ አንድ ረጅም ሜዳ ተጠቀመባቸው፤ ወታደሩ በገመድ መንጠቆ ወደ ላይ ይወጣል። ከፍታው ተገኘ። ይሁን እንጂ በስክሪኖቹ መካከል ያለው የፕላስቲክ ክፍተት ምስል አያሳይም፤ ከላይ የሚወርድ ጥይት እዚያ ለቅጽበት ይሰወራል።