ድምፅ የሌለው መኪና ጋራዥህ ሲገባ

ልጄ፣ እጅህ ለሥራ እንደማይሰንፍ አውቃለሁ፤ የምፈራልህ ጥድፊያህን ነው። አዳማ ላይ ቁልፍና መፍቻ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝና ረጋ ብለህ አንብብልኝ።

1. የኤሌክትሪክ መኪናውን ነገር «ያልፋል» ብለህ አትቀመጥ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል፣ ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ «ይመለሳል» እያሉ ቆዩ። ነገሩን በምክንያቱ እየው። ነዳጁ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከጅቡቲ በቦቴ ይመጣል። ኤሌክትሪኩ ግን ከደጃችን ነው፤ የቆቃ ግድብ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያመነጫል፣ ኮረብታችን ላይ ያሉት 136 የነፋስ ተርባይኖችም 204 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው።

2. የኤሌክትሪክ መኪናውን ብርቱካናማ ገመድ እንደ ተራ ሽቦ አትንካ። ባጃጅ ላይ የባትሪ ጫፍ አጋጭተህ ብልጭታ ማየት ለምደሃል። ይህ ግን ብዙ ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ የሚይዝ ነው፤ ይገድላል። ቀለበትና ሰዓትህን አውልቅ። መኪናውን አጥፋ፣ ቁልፉን አርቀህ አስቀምጥ፣ የ12 ቮልቱን ባትሪ ንቀል፣ ለከፍተኛ ቮልቴጅ የተሠራ የጎማ ጓንት አጥልቀህ የዋናውን ባትሪ ማቋረጫ አውጣ። ከዚያ ጠብቅ። ኢንቨርተሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ከጠፋም በኋላ ኃይል ይዞ ስለሚቆይ፣ የመኪናው መመሪያ የሚያዝዘውን ደቂቃ አታሳጥር። በመጨረሻ በቴስተር ለክተህ ዜሮ መሆኑን በዓይንህ እይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

3. የድሮ ሙያህን አትናቅ። የእግር ሥራው፣ ጎማው፣ ፍሬኑ ያው ነው። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል። ሞተሩ ራሱ ፍጥነት ስለሚቀንስ የፍሬን ሸራው ዕድሜው ይረዝማል፤ ካሊፐሩ ግን ሥራ ፈትቶ እንዳይጣበቅ እየፈታህ አጽዳው። «አልነሳ አለኝ» የሚል ሰው ከመጣ፣ ዋናውን ባትሪ ከመጠርጠርህ በፊት ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ ለካ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእሷ ነው።

4. ደንበኛህ ባለማወቁ አትብላበት። ከአዳማ አዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ስለዚህ መኪናው ሲወጣ ባትሪው በብዙ ይቀንሳል፣ ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ እያመነጨ ጥቂት ይመልሳል። ይህን የማያውቅ ባለመኪና ደንግጦ «ባትሪዬ ሞተ» ብሎ ይመጣል። ቁጭ አድርገህ አስረዳው፤ ላልሠራኸው ሥራ ሳንቲም አትቀበል። በዚህ ከተማ የጋራዥ ስም በሹፌር አፍ ነው የሚዞረው።

5. ተማር። መመሪያው በቻይንኛ ቢሆን በስልክህ አስተርጉመው፤ ከዚያም የሚያውቅ ሰው አጠገብ ቆመህ በእጅህ ሥራው፤ ንባብ ብቻውን መካኒክ አያደርግህም። አጭር ሥልጠና ካገኘህ ሁለት ሳምንት ገቢ ይቅርብህና ግባ። እስከዚያ ጎማውንና ፍሬኑን ሥራ፤ ጓንቱንና ቴስተሩን ሳትገዛ ግን ብርቱካናማ ገመድ ያለበትን ክዳን አትክፈት፣ አደራ።