«ሃርድሊ» ጠንክሮ አይሠራም

ጥያቄ፦ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርቤ «አይ ሃርድሊ ወርክ» ብዬ ስመልስ ጠያቂዎቹ ተያይተው ሳቁ። ጠንክሬ እሠራለሁ ማለቴ ነበር። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሳያስቡት «ሥራ የሚባል ነገር አልነካም ማለት ይቻላል» ብለዋቸዋል። በእንግሊዝኛ ብዙ ቅጽሎች መጨረሻቸው ላይ «ሊ» ሲጨመር ተውሳከ ግሥ ይሆናሉ፤ «ስሎው» ዘገምተኛ፣ «ስሎውሊ» በዝግታ። «ሃርድ» ግን ያለ ጭማሪ ራሱ ተውሳከ ግሥ ነው፤ «አይ ወርክ ሃርድ» ቢሉ ይበቃ ነበር።

«ሃርድሊ» ጥንት «በኃይል፣ በጭንቅ» ማለት ነበር። በጭንቅ የሚሆን ነገር ለጥቂት ከመቅረት የሚተርፍ ነውና፣ ትርጉሙ ቀስ በቀስ ወደ «እምብዛም» አዘነበለ።

አንድ ወጥመድ አለ። የእኛ «እምብዛም» አሉታዊ ግሥ ይፈልጋል፤ «እምብዛም አላውቀውም» እንላለን። «ሃርድሊ» ግን አሉታውን በሆዱ ይዟል። ስለዚህ «አይ ሃርድሊ ኖው ሂም» ይባላል እንጂ «ዶንት» አይጨመርበትም። ቦታውም አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ግሥ በፊት ነው፤ «ሃርድ» ግን ከግሡ በኋላ ይመጣል።

ለሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ያቺን «ሊ» ቤት ትተዋት ይሂዱ።