የፍጥነት መለኪያ መሣሪያ አተካከልና የቁጥሮቹ አሞላል

በአሁኑ ጊዜ የዱቄት ፋብሪካ፣ የዘይት መጭመቂያ ወይም የእህል መጋዘን ያላቸው ነጋዴዎች ከውጭ አገር ከሚያስመጧቸው አነስተኛ መሣሪያዎች አንዱ ሬት ሜትር እየተባለ የሚጠራው የፍጥነት መለኪያ ነው። ዋጋው ከሞተርና ከወፍጮ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ስለ ሆነ፣ ትእዛዙ ሲጻፍም ሆነ ዕቃው ሲተከል ብዙ ጥንቃቄ አይደረግበትም። ይሁን እንጂ ይህ መሣሪያ በሚገባ የተተከለ እንደ ሆነ ፋብሪካን ከእሳት የሚጠብቅ፣ ያለ ሂሳብ የተተከለ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱን በሐሰት የሚያጽናና በመሆኑ፣ ስለ አተካከሉ ጥቂት ለማስረዳት እንወዳለን። ምሳሌያችንም እህልን ከምድር ቤት ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣው ባለ ባልዲ ኤሌቬተር ይሆናል።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት መሣሪያው ራሱ ፍጥነትን የማያይ መሆኑ ነው። የሚያየው ምትን ብቻ ነው። ከሚዞረው ዘንግ ጋር አብሮ የሚዞር የብሎን ራስ ይደረጋል፤ ከብሎኑ ፊት ለፊት ሴንሰር ይቆማል፤ ብሎኑ በሴንሰሩ ፊት ባለፈ ቁጥር አንድ ምት በሽቦ ወደ መሣሪያው ይደርሳል። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚደርሱት ምቶች ብዛት ፍሪኩዌንሲ ይባላል፤ መስፈሪያውም ሄርዝ ነው። መሣሪያው ይህንን ብዛት እኛ በምንሰጠው ማባዣ አባዝቶ በደቂቃ ይህን ያህል ዙር፣ ወይም በሴኮንድ ይህን ያህል ሜትር እያለ ያሳያል። ማባዣው የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን መሣሪያው ስሕተቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የተሳሳተውንም ቁጥር በዚያው በደማቅ መብራት ይጽፈዋል።

በኤሌቬተር ላይ ፍጥነትን መለካት ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻም። ባልዲዎቹን የተሸከመው ቺንጋ የላላ ወይም ከታች እህል ሞልቶ የታፈነ እንደ ሆነ፣ የላይኛው ፑሌጃ እየዞረ ቺንጋው ባለበት ይቆማል። በዚያን ጊዜ ጎማው በሰበቃ ይግላል፤ ይጨሳል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። በኤሌቬተሩ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ የእህል ብናኝ የተሞላ ነው፤ ብናኙም በአየር ላይ በበቂ መጠን ከተንሳፈፈ እንደ ባሩድ ይፈነዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 22 ቀን 1977 በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት፣ ዌስትዌጎ በሚባለው ስፍራ በአንድ የእህል ጎተራ በደረሰው ፍንዳታ 36 ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ያሉ አደጋዎች ከተደጋገሙ በኋላ የዚያ አገር የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ1987 መጨረሻ ባወጣው ደንብ፣ ተለይተው ከተጠቀሱት በቀር፣ ማናቸውም የእህል ኤሌቬተር የቺንጋው ፍጥነት ከተለመደው ከመቶ 20 ከመቀነሱ በፊት ወይም እዚያው ሲደርስ በራሱ የሚያቆመው መሣሪያ እንዲኖረው አዘዘ። ደንቡ የእኛ አገር ባይሆንም ልኩ ለሥራችን መልካም መነሻ ነው።

እንግዲህ ሴንሰሩ ወዴት ይተከል? ብዙ ጊዜ ኤሌትሪሲያኑ ሽቦ እንዳይረዝምበት ሲል ከሞተሩ አጠገብ፣ ማለትም በላይኛው ዘንግ ላይ ይተክለዋል። ይህ ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ሞተሩ የሚያዞረው የላይኛውን ፑሌጃ ስለ ሆነ፣ ቺንጋው ተንሸራቶ ቢቆም እንኳ ላይኛው ዘንግ ያለ ሐሳብ ይዞራል፤ መሣሪያውም «120፣ 120፣ 120» እያለ ያሳያል፤ ጎማው ግን እየነደደ ነው። የታችኛው ፑሌጃ ሞተር የለውም፤ የሚያዞረው ቺንጋው ራሱ ነው። ቺንጋው ሲዘገይ እሱም ይዘገያል፤ ሲቆምም ይቆማል። ስለዚህ ሴንሰሩ የሚተከለው በታችኛው ዘንግ ላይ ነው፤ ሽቦው 30 ሜትር ቢረዝምም ይርዘም።

የታችኛው ዘንግ አንድ ጠባይ አለው። ቺንጋው ሲላላ የሚወጠረው ይህንኑ ዘንግ ወደ ታች በመሳብ ነው። ሴንሰሩን የያዘው አንጎላሬ በግድግዳው ወይም በኤሌቬተሩ ሣጥን ላይ ቢበየድ፣ ቺንጋው በተወጠረ ጊዜ ብሎኖቹ ከሴንሰሩ ፊት ይሸሻሉ። አንጎላሬው መታሰር ያለበት ከኩሽኔታው ቤት ጋር ነው፤ ያን ጊዜ አብረው ይወርዳሉ፤ አብረው ይወጣሉ። ዘንጉንም መብሳት አይገባም፤ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ክብ የብረት ላሜራ አስሮ በላሜራው ላይ 4 ብሎኖችን በእኩል ርቀት ማሰር ይሻላል። ፊቱ 18 ሚሊ ሜትር የሆነና እስከ 5 ሚሊ ሜትር ርቀት የሚያይ ሴንሰር ከሆነ፣ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ራሱ 18 ወይም 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው በቂ ነው። በብሎኑና በሴንሰሩ መካከል ያለው ክፍተት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ብሎኑ የግድ የብረት ይሁን፤ የነሐስ ወይም የአሉሚኒየም ቢሆን ሴንሰሩ የሚያይበት ርቀት ወደ እኩሌታ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ብናኝ በበዛበት ስፍራ የሚተከል ሴንሰር ደግሞ ለእንዲህ ያለው ስፍራ የተፈቀደ መሆኑ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት።

ሽቦዎቹ ሦስት ናቸው። ቡናማው ፕላስ፣ ሰማያዊው ዜሮ፣ ጥቁሩ ምት አምጪው ነው። ብዙዎቹ 24 ቮልት ስለሚፈልጉ መሣሪያው ራሱ ይህንን ኃይል የሚያወጣ መሆኑን አስቀድሞ ማየት ይገባል። ከዚህም በቀር ሴንሰሮች በጠባያቸው ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው ፒኤንፒ ሲባል ምት በሚሰጥበት ጊዜ በጥቁሩ ሽቦ ፕላስ ይልካል፤ ሁለተኛው ኤንፒኤን ሲባል ጥቁሩን ሽቦ ወደ ዜሮ ይስባል። መሣሪያው የትኛው እንደ ተገጠመለት በቅንብሩ ወይም በጀርባው ባሉት ትናንሽ ማብሪያዎች ሊነገረው ያስፈልጋል። ዘንጉ በእጅ ሲዞር በሴንሰሩ ጀርባ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች መሣሪያው ግን 0 የሚያሳይ ከሆነ፣ ሴንሰሩን ከመክሰስ በፊት ይህን ማየት ነው። የምት ሽቦው መሸፈኛ ያለው ሆኖ ከሞተሩ ሽቦ ተለይቶ ይሂድ፤ መሸፈኛውም በአንድ ወገን ብቻ ከመሬት ጋር ይታሰር።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። የታችኛው ፑሌጃ ስፋት 400 ሚሊ ሜትር፣ የተለመደው ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ዙር፣ ብሎኖቹም 4 ናቸው እንበል። 120 ዙር በደቂቃ ማለት 2 ዙር በሴኮንድ ነው፤ በአንድ ዙር 4 ምት ስላለ በሴኮንድ 8 ምት፣ ማለት 8 ሄርዝ ይሆናል። መሣሪያው በደቂቃ ያለውን ዙር እንዲያሳይ ከተፈለገ ማባዣው 60 ለ4 ተካፍሎ 15 ነው፤ 8 በ15 ሲባዛ 120 ይመጣል። የቺንጋውን ፍጥነት በሜትር ማሳየት ከተፈለገ ደግሞ የፑሌጃው ዙሪያ 1.257 ሜትር ስለ ሆነ፣ ለ4 ሲካፈል እያንዳንዱ ምት 0.314 ሜትር ቺንጋ ማለት ነው፤ 8 በ0.314 ሲባዛ በሴኮንድ 2.51 ሜትር ይሆናል። አንዳንዱ መሣሪያ ነጥቡን እንደ ጌጥ ብቻ ይቈጥረዋል፤ 2.51 እንዲያሳይ 251 መቁጠር ስለሚያስፈልገው ማባዣው 31.4 ተብሎ ይሞላል። የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ የመመሪያው መጽሐፍ ይናገራል።

ሁለት የጊዜ ቁጥሮች ደግሞ አሉ፤ ብዙ ጊዜም ከፋብሪካ እንደ መጡ ይተዋሉ። የመጀመሪያው የመቁጠሪያው ጊዜ ነው። መሣሪያው በ1 ሴኮንድ ውስጥ የደረሱትን ምቶች ብቻ የሚቈጥር ከሆነ አንዳንድ ጊዜ 8፣ አንዳንድ ጊዜ 7 ወይም 9 ያገኛል፤ አንዷ ምትም በ15 ስለምትባዛ ቁጥሩ ከ105 እስከ 135 ይዘላል። ስለዚህ ለዘገምተኛ ዘንግ በሁለት ምቶች መካከል ያለውን ጊዜ የሚለካውን ዘዴ መምረጥ ይገባል። ብሎኖቹ በትክክል እኩል ርቀት ላይሆኑ ስለሚችሉ የ4ቱን አማካይ እንዲወስድ ቢደረግ መልካም ነው፤ ይህም ግማሽ ሴኮንድ ብቻ ይፈጃል። ሁለተኛው የዜሮ መጠበቂያ ጊዜ ነው። ምት በድንገት ሲቋረጥ እንዲህ ያለው መሣሪያ «ቀጣዩ ምት ሊመጣ ይሆናል» ብሎ የመጨረሻውን ቁጥር እንደ ያዘ ሊጠብቅ ይችላል። መጠበቂያው 30 ሴኮንድ ከሆነ ቺንጋው ከቆመ በኋላ ለ30 ሴኮንድ 120 ያሳያል ማለት ነው። ለእኛ ኤሌቬተር 2 ሴኮንድ ይበቃዋል።

የማስጠንቀቂያው ቁጥር ከምን ተነሥቶ እንደሚሞላ ለማስረዳት በጽሕፈት ቤታችን የደረሰውን አንድ ደብዳቤ እንጥቀስ። አንድ ደንበኛ መሣሪያው ብልሹ ስለ ሆነ እንዲመለስለት ጠየቀ፤ ምክንያቱም ኤሌቬተሩን ማታ ማታ ጄኔሬተር ሲነሣ ያለ ምክንያት ያቆመዋል። ቁጥሮቹን ብንጠይቀው ማቆሚያው 115 ላይ የተሞላ ሆኖ ተገኘ። ኤሌቬተሩ የመጣው 60 ሄርዝ ከሚሠራበት አገር ሲሆን በሰሌዳው ላይ 144 ዙር ተጽፎበታል፤ የ144 ከመቶ 80 ደግሞ 115 ነው። ነገር ግን በእኛ አገር ያለው ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ስለ ሆነ ያው ሞተር በአምስት ስድስተኛው ብቻ ይዞራል፤ ስለዚህ የዘንጉ እውነተኛ ፍጥነት 120 ነው። ጄኔሬተሩ ደክሞ 47 ሄርዝ ሲሰጥ 113 ይሆናል፤ መሣሪያውም እንደ ታዘዘው ያቆማል። ከሁሉ የሚያሳስበው የደብዳቤው መጨረሻ ነበር፤ ሥራ እንዳይቆም የማታው መካኒክ የማቆሚያውን ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኝቷቸዋል። ያለ ምክንያት የሚያቆም መሣሪያ ፍጻሜው ሁልጊዜ ይህ ነው፤ ሽቦውም ከታሰረ በኋላ የሚፈታው የለም።

ስለዚህ ከሰሌዳው ሳይሆን ኤሌቬተሩ እህል ይዞ በዋናው መስመር ሲሠራ ከተገኘው ቁጥር መነሣት ያስፈልጋል። 120 ከተገኘ ማቆሚያው 96 ነው። መሣሪያው ሁለት ሪሌ ካለው አንደኛው በ108 ላይ መብራት ብቻ እንዲያበራ ቢደረግ ይጠቅማል፤ ጄኔሬተሩ ወደ 45 ሄርዝ ቢወርድ ይህችው መብራት ትናገራለች፤ ሥራው ግን አይቆምም። ሪሌው በደህናው ጊዜ ተስቦ የሚቆይ፣ በአደጋ ጊዜ የሚለቅ ሆኖ ይሞላ፤ ሽቦ ቢበጠስ ወይም መሣሪያው ኃይል ቢያጣ ኤሌቬተሩ እንዲቆም ነው። የሪሌው ሽቦ የሚያልፈው በኮንታክተሩ መቆጣጠሪያ መስመር እንጂ የሞተሩ ኃይል ራሱ በሪሌው ውስጥ አያልፍም። ኤሌቬተሩ ከቆመበት ሲነሣ ፍጥነቱ ከ96 በታች መሆኑ ግልጽ ስለ ሆነ የመነሻ ትዕግሥት ይሰጠዋል፤ በሰዓት ተለክቶ ሙሉ ፍጥነት ላይ ለመድረስ 4 ሴኮንድ የሚፈጅ ከሆነ 6 ሴኮንድ ይበቃል። 1 ደቂቃ የሚሰጡ አሉ፤ ታፍኖ የተነሣ ቺንጋ ግን 1 ደቂቃ ሙሉ ሊሰበቅ አይገባውም።

ሁሉ ከተሞላ በኋላ ፈተና ይደረጋል። በላሜራው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ በሰዓት ለ30 ሴኮንድ መቁጠር ነው፤ 60 ዙር ከተገኘ መሣሪያውም 120 ማሳየት አለበት። በእጅ የሚያዝ የብርሃን መለኪያ ያለውም በእሱ ይፈትን፤ ሆኖም መለኪያው ወደ ፍሎረሰንት መብራት የዞረ እንደ ሆነ የመብራቱን ብልጭታ ቆጥሮ 6,000 ሊል ስለሚችል አይደንግጥ። ቀጥሎም ሞተሩ ቆሞ ሳለ መሣሪያውን መመልከት ያስፈልጋል። 0 ሊሆን ይገባዋል። 750 የሚል ከሆነ ከዋናው መስመር 50 ሄርዝ በምት ሽቦው ላይ እየገባ ነው፤ 50 በ15 ሲባዛ 750 ነውና። ይህ ካልተስተካከለ ቺንጋው ቢቆምም ሐሰተኛው ምት የቆመ አያስመስለውም። በመጨረሻም ኤሌቬተሩ ባዶውን እየሠራ የሴንሰሩን ሽቦ ነቅሎ ማየት ነው፤ በ2 ሴኮንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ካልቆመ እህል አይጫንበት።

በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ «አንድ ሬት ሜትር» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። የመሥሪያው ኃይል 220 ቮልት 50 ሄርዝ መሆኑ፣ ለሴንሰሩ 24 ቮልት የሚያወጣ መሆኑ፣ የሪሌዎቹ ብዛት፣ የሴንሰሩ ዓይነት፣ የዘንጉ ዝቅተኛና ከፍተኛ ዙር ሊጠቀስ ይገባል። ዕቃው ከተተከለ በኋላ ደግሞ የተሞሉት ቁጥሮች ሁሉ፣ ከቀኑና ከሞላው ሰው ፊርማ ጋር፣ በሁለት ካርድ ይጻፋሉ፤ አንዱ በኤሌክትሪክ ሣጥኑ መዝጊያ ውስጥ ይለጠፋል፤ ሁለተኛው በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ይቀመጣል። ፑሌጃው ወይም የብሎኖቹ ቁጥር በተለወጠ ጊዜ ማባዣው እንደገና ተሰልቶ ሁለቱም ካርዶች በአንድ ቀን ይታረማሉ።